«ከከብት ጭራ ላርቅሽ ብዬ ነበር»

የምክር ዓምድ

የደረሰን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የ19 ዓመት ልጅ ነኝ። ከሰሜን ሸዋ ገጠር መጥቼ አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። በሁለተኛው መንፈቅ ማብቂያ የትምህርት ክፍል እንመርጣለን። ዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስላለው እርሱን በአንደኛ ምርጫ ልሞላ አስቤ ነበር። አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች ግን ‹እሱ እኮ ሕክምና ያልደረሰው ሰው የሚገባበት ነው› እያሉ ይስቁብኛል። ለአባቴ በስልክ ብነግረው ብዙ ዝም ብሎ ቆየና ‹ከከብት ጭራ ላርቅሽ ብዬ ነበር ያስተማርኩሽ፤ ተምረሽ ተምረሽ ወደዚያው ልትመለሺ?› አለኝ። እኔም ራሴ ቀጭንና አጭር ስለሆንኩ በሬ የሚያህል ፍጥረት እንዴት እችላለሁ ብዬ እፈራለሁ። ነጥቤ 3.2 ነው። ልግባበት ወይስ ሐሳቤን ልቀይር?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ጥያቄሽ ስለ ነጥብና ስለ ምርጫ መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው ግን አባትሽ በስልኩ ውስጥ ዝም ብለው የቆዩበት ጊዜ ጎልቶ ታየኝ። ስለዚህ በእርሳቸው እጀምራለሁ፤ ነጥቡን ኋላ እንደርስበታለን።

አባትሽ ያሉት ከንቀት የመጣ አይደለም። ለእርሳቸው ከብት ማለት ጎሕ ሳይቀድ መነሣት፣ በክረምት ጭቃ በረት መጥረግ፣ የጠፋች ጊደር ፍለጋ ገደል ለገደል መዋልና በእርሻ ወር አንዱ በሬ ሲወድቅ ለሌላው መቀናጆ ፍለጋ ጎረቤት ደጅ መቆም ነው። ከዚህ ሁሉ ሊያወጡሽ እህል ሸጠው አስተምረውሻል። የእንስሳት ሐኪምንም የሚያውቁት ምናልባት በዓመት አንድ ጊዜ የክትባት ሳጥን በሞተር ብስክሌት ጭኖ መጥቶ የሚሄድ ሰው አድርገው፣ ወይም በሬያቸው ታሞ አሥር ኪሎ ሜትር ነድተው ቢሄዱ «መድኃኒት አልቋል» ብሎ የመለሳቸው ሰው አድርገው ይሆናል። እኔ ራሴ በወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ያንን ቃል ለስንት ገበሬ እንደተናገርኩ አልቆጠርኩም፤ እያንዳንዱ ሰው በሬውን መልሶ ሲነዳ ከኋላው ማየት ግን የሥራው አንዱ ክፍል ነበር።

አባትሽ ያላዩት ነገር ቢኖር ሥራው ሲሳካ የማይታይ መሆኑን ነው። በሬ ሲሞት መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሳይሞት ሲቀር ግን ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚያወሱት ረሃብ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን ያጠፋው ድርቁና አንበጣው ብቻውን ሆኖ አይደለም፤ በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ የእርሻ በሬውን ስለፈጀውና ገበሬው ሞፈሩን የሚጎትትለት አጥቶ መሬቱን በዶማ እስከመቧጠጥ ስለደረሰ ነው። ዛሬ በእናንተ ቀበሌ የደስታ በሽታ ያየ ወጣት አይገኝም፤ ምክንያቱም በሽታው ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ገጽ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውጇል። በአገራችን የመጨረሻ መሸሸጊያው አፋር ነበር። ማቀዝቀዣ በማይደርስበት በዚያ በረሃ ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው ከመንጋ ወደ መንጋ የዞሩት፣ የእንስሳት ሐኪሞች ያሠለጠኗቸው የአካባቢው አርብቶ አደሮች ነበሩ። አባትሽ ዛሬ ጥንድ በሬ ጠምደው የሚያርሱት እነዚያ ሰዎች በሠሩት ሥራ ጭምር ነው፤ ይህን ሲነገራቸው ግን የሰሙት አይመስለኝም፤ የነገራቸው ሰው ስለሌለ።

ወደ ጓደኞችሽ ቀልድ ልለፍ። ቀልዱ ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገረን ነበር። እውነት ነው፤ በየዓመቱ የሰው ሕክምና ሞልተው ነጥባቸው ያልደረሰ ተማሪዎች ወደዚህ ክፍል ይመደባሉ፤ በእኔም ጊዜ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የመጀመሪያዋን ላም በእጃቸው ካዋለዱ በኋላ ነገሩን የረሱት ብዙዎች ናቸው። ሌሎቹ ግን እስከ ምርቃት ድረስ ነጭ ጋውናቸውን እንደ ተውሶ ልብስ ለብሰውት ዘለቁ፤ ዛሬም ሥራቸውን ሲጠየቁ «ሐኪም ነኝ» ብለው አረፍተ ነገሩን እዚያው ያቆማሉ። አንቺ የምትፈልጊው የሰው ሕክምናን ሆኖ ይህንን እንደ መጠባበቂያ የያዝሽው ከሆነ አትሙይው እላለሁ። ደብዳቤሽ ግን እንደዚያ አይልም፤ አንደኛ ምርጫዬ ነው ትያለሽ፤ እኔም ቃልሽን እቀበላለሁ።

ቀላል ስለሆነ የወደቀ ሰው ይገባበታል የሚለውን ግን ኮሌጁ ራሱ በመጀመሪያው የአናቶሚ (የአካል ጥናት) ክፍል ያስተባብለዋል። የሰው ሐኪም አንድ ዓይነት አካል ያጠናል። አንቺ የላሟን አራት ክፍል ያለው ሆድ፣ ማስመለስ የማይችለውን ፈረስ፣ ትንፋሹ ከሳንባ አልፎ በአየር ከረጢቶች የሚዘዋወረውን ዶሮ፣ ውሻውን፣ ግመሉንና አህያውን በአንድነት ልትይዢ ነው። አንዱ የዳነበት መድኃኒት ለሌላው መርዝ ይሆናል፤ ሰው ለራስ ምታቱ የሚውጠው ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ከዚህ ሁሉ ጋር ታካሚሽ የት እንደሚያመው አይነግርሽም፤ የሚነግርሽ ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ አንዳንዴ የሚያፍርበትን ይደብቃል። ሆዷ እንደ ከበሮ የተነፋች ፍየል ታቅፋ የመጣች እናት «ምንም አልበላችም» ብላ ስትምል፣ ፍየሏ ሌሊት ጓዳ ገብታ የተቦካውን ሊጥ መጨረሷን ለማወጣጣት ከመርፌ በፊት ትዕግሥት ያስፈልጋል። በከተማ ዳርቻ ደግሞ ለቀናት ማመንዠክ ያቆመች ላም ሆዷ በቀዶ ሕክምና ሲከፈት የተቋጠረ ፌስታል፣ የገመድ ቁራጭና ሽቦ ይወጣል፤ የሸተተው ነገር እጅሽ ላይ እስከ ማግሥቱ ይቆያል።

ስለ ጉልበት የጻፍሽውን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ የሠራሁት የመጀመሪያው ትልቅ ስሕተት በጉልበት የመጣ ነው። ገና በተመረቅሁበት ዓመት አንድ ምሽት ምጥ የጠናባት ጊደር አለች ተብዬ ተጠራሁ። ስደርስ የጥጃው ሁለት የፊት እግሮች ወጥተዋል፤ ጭንቅላቱ ግን አይታይም። እጄን አስገብቼ በደንብ ሳልዳስስ ገመድ አሰርኩና አራት ጎረምሶች ጠርቼ አስጎተትኩ። ጥጃው ሞተ፤ ጊደሯም ለሦስት ቀን ሳትነሣ ቀረች። ባለቤቱ አልተቆጡኝም፤ ጠላ ቀዱልኝ፤ ያም ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ከወራት በኋላ ከእኔ ቀድማ የተመረቀች አንዲት ባልደረባዬ እንደዚያው ያለ ምጥ ሲገጥማት አብሬያት ነበርኩ። ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም። እጅጌዋን እስከ ብብቷ ጠቅልላ በሳሙናና በሞቀ ውኃ ታጠበች፤ ክንዷን አስገባችና ዓይኗን ጨፍና ለረጅም ጊዜ ዳሰሰች። የጥጃው አንገት ወደ ጎን ታጥፎ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዞሯል። መጎተት ሲጠበቅባት እርሷ ጥጃውን መልሳ ወደ ውስጥ ገፋችው፤ ላሟ ስታምጥ ትቆማለች፣ ስታርፍ ትገፋለች፤ ቦታ ስታገኝ የታችኛውን መንጋጋ በመዳፏ ይዛ፣ ጥርሱ ማህፀኑን እንዳይቀድ በጣቶቿ ሸፍና ጭንቅላቱን አዞረችው። ከዚያ በኋላ ገመዱን በሁለቱ እግሮች ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሰረችና አንድ ሰው ብቻ ጠርታ፣ ላሟ ባማጠች ቁጥር አንዴ ቀኙን አንዴ ግራውን እግር ወደ ታች አስሳበች። ጥጃው ወጣ፤ አፍንጫውን በገለባ ነካካችው፤ አነጠሰ። ቀጭን ክንድ በዚህ ሥራ ጸጋ ነው፤ በግና ፍየል ሲያምጡማ የእኔ ክንድ ጭራሽ አይገባም። በሬውን የሚይዘው ክራሽ የሚባለው የከብት ማቆሚያ አጥርና ገመድ ነው፤ ለዚያም ባለቤቱና ጎረቤቱ አሉልሽ።

አሁን ወደ ነጥቡ። ምደባው በውጤትና በሞላሽው የምርጫ ቅደም ተከተል ስለሚካሄድ «ስንት ነጥብ ይበቃል?» ለሚለው ቋሚ ቁጥር የለውም፤ በዚያ ዓመት ስንት ሰው እንደመረጠው ይወስነዋል። የአምናው የመጨረሻ ተመዳቢ በስንት እንደገባ ከኮሌጁ ሬጅስትራር ጠይቂ፤ አያሳፍሩሽም። 3.2 የሚያሳፍር ውጤት አይደለም፤ የቀረውን መንፈቅ በተለይ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ላይ በርቺ፤ ለነጥቡ ሲባል ብቻም አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ባዮኬሚስትሪና ፊዚዮሎጂ ሲመጡ መሠረት የሌለው ተማሪ በእነዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። የምትፈልጊውን በአንደኝነት ሙይ፤ «ለማንኛውም» እየተባለ የሚሞላ ሌላ ክፍል በአንደኝነት ይዘሽ ብትመደቢ ማንንም ልትወቅሺ አትችይም።

የምትሞይውን ፕሮግራም ስም ግን በጥንቃቄ አንብቢ። «የእንስሳት ሳይንስ» ስለ እርባታ፣ ስለ መኖና ስለ ምርት የሚያስተምር ጥሩ ሙያ ነው፤ ግን ሐኪም አያደርግም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በእንስሳት ጤና ዙሪያ አጠር ያለ የባችለር ፕሮግራምና የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂ ትምህርት አላቸው። ዶክተር የሚያሰኘው ዶክተር ኦፍ ቬተሪናሪ ሜዲስን የተባለው ሲሆን የጋራውን የመጀመሪያ ዓመት ጨምሮ ስድስት ዓመት ያህል ይወስዳል። ስድስት ዓመት ረጅም ነው። ከእናንተ ዘመን ልጆች ጋር እኩል ጀምረሽ እነርሱ ደመወዝ ሲቀበሉ አንቺ ገና ፓራሳይቶሎጂ (የጥገኛ ተሕዋስያን ትምህርት) ታጠኛለሽ፤ ይህንን ለአባትሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው፤ በአራተኛው ዓመት «መቼ ነው የምትጨርሺው?» ብለው እንዳይጨነቁ። በመጨረሻው ዓመት ክሊኒክ ለክሊኒክ ትዞሪያለሽ፤ የመመረቂያ ጥናት ትሠሪያለሽ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሌላው ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተናም አለ።

ይህን ጽሑፍ ገና 12ኛ ክፍል ያሉ ካነበቡት አንድ ነገር ልጨምር። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ብሔራዊውን ፈተና 50 በመቶ ማምጣት የመጀመሪያው በር ነው፤ ሁለተኛው በር ግን ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ትምህርቱ ያለበትን መምረጥ ነው፤ በኋላ መዘዋወር እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። አንጋፋው እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቢሾፍቱ ኮሌጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተናም ይሰጣል። ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ መቐለና ጅግጅጋም ትምህርቱ አላቸው። ቢሾፍቱ የምትማሩ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም፣ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ የዶሮ እርባታው ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ ነው።

ልጄ፣ ከገባሽ በኋላ አደራ የምልሽ አንድ ነገር የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትን ነው። ከመነከስሽ በፊት፣ ወደ ክሊኒክ ልምምድ ከመውጣትሽም በፊት ተከተቢ፤ ኮሌጁ ካላዘጋጀው ጠይቁ፣ ተሰብስባችሁ ጠይቁ። ይህንን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ምራቋ የሚንጠባጠብ፣ መዋጥ ያቃታት ላም አመጡልኝ። ጉሮሮዋ ላይ ድንች ወይም በቆሎ የተሰነቀረባት መሰለኝና ያለ ጓንት እጄን እስከ ክርኔ አፏ ውስጥ አስገባሁ። ምንም አላገኘሁም። በሦስተኛው ቀን ላሟ እየጓራች ግድግዳ ስትወጋ ውላ ሞተች፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የመንደር ውሻ ነክሷት እንደነበር ያን ጊዜ ተነገረኝ። በዚያ ዘመን የነበረው መርፌ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር፤ እየተመላለስኩ ተወጋሁ። መዋጥ ያቃታት ላም ስታዪ አስቀድመሽ ስለ ውሻ ጠይቂ። እንደዚሁ ደሟ ሳይረጋ ከአፍንጫና ከፊንጢጣ እየፈሰሰ በድንገት የሞተች ከብት ካየሽ ቢላዋ አታንሺ፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሬሳው ሳይከፈት በጥልቀት ይቀበራል፤ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያልና። ገበሬው ሥጋውን ለመከፋፈል ቢላዋ ስሎ ሲጠብቅሽ «አይበላም» ማለት ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና ይከብዳል።

ስለ ሥራ አልሸነግልሽም። አብዛኛው ተመራቂ የሚጀምረው በወረዳ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ፣ መንገዱ ረጅም፣ ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋ የሚቆም ነው። ገበያ ላይ በጆንያ ዘርግቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚሸጥ ነጋዴ ከአንቺ በርካሽ ስለሚሰጥ ገበሬው ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ሳይሻለው ሲቀር ወደ አንቺ ይመጣል። ይሁን እንጂ ይህች አገር 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት ያላት፣ በአፍሪካ ብዙ ከብት ካላቸው አገሮች ቀዳሚዋ ናት። በሞጆና በቢሾፍቱ ለውጭ ገበያ የሚያርዱት ቄራዎች ያለ ሐኪም ምርመራና ፊርማ አንድ በግ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሊልኩ አይችሉም። የወተትና የዶሮ እርባታዎች፣ የመድኃኒት አስመጪዎች፣ የኳራንቲን ጣቢያዎች፣ ላቦራቶሪዎችና የምርምር ተቋማት አሉ፤ በአዲስ አበባም ውሻና ድመት የሚያክሙ የግል ክሊኒኮች እየበዙ ነው። ከሁሉም የእኔ ምክር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከወረዳ እንዳትሸሺ ነው፤ በዚያ በአንድ የገበያ ቀን የምታዪው በሽታ በከተማ ክሊኒክ በዓመት አይታይም።

ውጭ አገር የመሄድ ሐሳብ ካለሽ ዲግሪው በቀጥታ እንደማያሠራ ከወዲሁ እወቂ። ለምሳሌ በአሜሪካ ለመሥራት የእንግሊዝኛ ችሎታ፣ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ፈተና ካለፉ በኋላ ለአገሩ ተመራቂዎች የሚሰጠውንም የፈቃድ ፈተና መውሰድ ግድ ይላል፤ ገንዘብም ዓመታትም ይጠይቃል። ለዚህ ብሎ የሚገባ ሰው አጭር መንገድ ያላቸው ሌሎች ሙያዎች አሉለት።

«ልግባበት?» ላልሽው መልሴ አዎን ነው፤ ግን ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ለፋሲካ እረፍት ቤት ስትገቢ የወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ በገበያ ቀን ምን እንደሚመስል ሄደሽ እዪ፤ ሐኪሙን አስፈቅደሽ ከጠዋት እስከ ምሳ ቁሚ። ማንም እንስሳ አትንኪ፤ ዝም ብለሽ ስሚ፤ ከበሬው ይልቅ የባለበሬውን ፊት ተመልከቺ። ብቻሽን አትሂጂ፤ አባትሽን ይዘሻቸው ሂጂ፤ ለማሳከሚያ የሚሆን ከብት ባይኖራቸው እንኳ ፍየልም ቢሆን ለትል መድኃኒት ይንዱ። መንገድ ላይ ስለ ሙያው አታስረጂያቸው፤ የሞተባቸውን በሬ እንዴት እንደታመመ ጠይቂያቸው፤ መብላት መቼ እንዳቆመ፣ ምን እንዳበጠ፣ ማን ምን እንዳጠጣው፣ ሁሉንም ያስታውሳሉ። የክሊኒኩ ግቢ በገበያ ቀን ጭቃና እበት ነው፤ ቦት ጫማ ከሌለሽ የአባትሽን ተዋሺ፤ ሰፊ ከሆነብሽ ካልሲ ደርቢበት።